በመጥረጊያ ያፈረስኩት ቤት

ቤት የሚያፈርስ ሰው ዶማ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ወይ ዶዘር፣ ካልሆነም የፍርድ ቤት ወረቀት። እኔ ግን የስምንት ቤተሰብ ቤት ያፈረስኩት በመጥረጊያ ነው። ያውም እጀታው በገመድ በታሰረ መጥረጊያ። ያውም ለመስቀል። ያውም ለአካባቢ ጥበቃ ብዬ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም ስጀምረው እየሳቅኩ ነበር።

ነገሩ የሆነው ካርቱም፣ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። የነዳጁ ገንዘብ ከተማዋን ማሳበጥ በጀመረበት፣ ማታ የጭቃ ቤት የነበረው ጠዋት ባለ መስታወት ፎቅ ሆኖ በሚነሳበት ሰሞን። እኔ ያኔ ሙከይፍ ጠጋኝ ነበርኩ። ሙከይፍ ማለት ያ ጣራ ላይ የሚወጣው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ጎንና ጎኑ ጭድ ይጠቀጠቅበታል፣ ጭዱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ማራገቢያው ቀዝቃዛውን አየር ወደ ቤት ይልካል፣ ከታች የተኛው ሰው «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ከላይ በዚያ ፀሐይ ጣራ ላይ የተንበረከከው ሰው፣ ማለትም እኔ፣ የሚለውን እዚህ አልጽፈውም።

የምንኖርበት ሆሽ፣ ግቢውን እዚያ እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ስምንት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ የኒም ዛፍ ነበረው። የቀረው ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ ስላችሁ ዝም ብሎ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ ታሪክ አለው። በር የሌለው ፍሪጅ አለ፣ ከኛ በፊት የነበሩት ትተውት የሄዱት። ሦስት በርሜል አለ፣ አንዱ ውስጥ ድመት በየዓመቱ ትወልዳለች። የአንድ ፒክአፕ መኪና ጭቃ መከላከያ አለ፤ መኪናው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ደግሞ «አንድ ቀን እጠግናቸዋለሁ» ብዬ ከየደንበኛው ቤት የሰበሰብኳቸው አስራ አንድ የሞቱ ሙከይፎች አሉ። ልብ በሉ፣ ከቆሻሻው ግማሹ የኔ ነው። በኋላ የንጽሕና ሰባኪ የሆንኩት ሰውዬ እኔው ነኝ።

አከራያችን ሃጅ ዑመር፣ ነጭ ጀለቢያ ለባሽ፣ ዴም ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያለው፣ ሆሹን ከአክስቱ ወርሶት አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በሩን አልፎ ገብቶ አያውቅም። በር ላይ ይቆማል፣ የጥምጥሙን ጫፍ አፍንጫው ላይ ያደርጋል፣ በከዘራው ቆርቆሮውን ይመታል፣ «ያ ጀማዐ!»፣ እናንተ ሰዎች፣ ብሎ ይጣራል፣ ኪራዩን ተቀብሎ ይሄዳል። የግቢው ቆሻሻ ከበሩ ጀምሮ እንደ ግድግዳ ቆሞ ስለነበር ሰውዬው ርስቱን አንድ ጉድጓድ ነገር አድርጎ ነው የሚያስበው። እኛም ምስኪኖቹ ጉድጓዱ ውስጥ በሰላም እንኖራለን።

ከሁላችን በላይ ሆሹን የምታውቀው እማ ሩቂያ ናት። የወሎ ሰው ናት፣ በድርቁ ጊዜ በእግሯ መጥታ ካርቱም የቀረች። ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ግን ብቻዋን ከክፍሏ ወጥታ ቧንቧው ጋ ደርሳ፣ ውዱእ አድርጋ፣ ለሶላት ትመለሳለች። በቀን አምስት ጊዜ። ማንም እጇን አይዛትም። እጇን የሚይዛት ቆሻሻው ነው። ከበሯ ስትወጣ የሙከይፌን ሹል ጥግ ትነካለች፣ ከዚያ በርሜል፣ በርሜሉን በጣቷ ካንኳኳች በኋላ ፍሪጅ፣ ከፍሪጁ ሦስት እርምጃ ቧንቧ። ወደ ግራ ከሆነ ደግሞ የመኪናው ጭቃ መከላከያ፣ ከዚያ ሽንት ቤት።

ልጇ ዛህራ፣ እዚያው ካርቱም ሪያድ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አዳሯም እዚያው ነው። የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። አንድ አርብ ልብስ እያሰጣች እንዲህ ብላኛለች፦ «ጋሼ፣ እማ ብቻዋን ቧንቧ ደርሳ እስከተመለሰች ድረስ እኔ ሌላ ጭንቀት የለኝም። ያ የቀረ ቀን ግን፣ ወላሂ፣ ምን እንደምሆን አላውቅም።» ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም፤ በሁለት ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጎረቤታችን ትርፌ ሻይ ቤት አላት፣ ምላሷ ከምታቀርበው ቃሪያ ይብሳል። ከአገር ቤት በርበሬ ተልኮላት፣ በርበሬው የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ እኔ አነሳሁት። እዚያ አገር አማርኛ የተጻፈበት ነገር ስታገኝ የሳሙና ማስታወቂያም ቢሆን ሁለት ጊዜ ታነበዋለህ። ርዕሱ በዓልን አካባቢን ሳይጎዱ ስለማክበር ነው። ዛፍ አትቁረጡ ይላል። ጎማ አታቃጥሉ ይላል። ፌስታል አትጣሉ፣ ግቢያችሁን አጽዱ ይላል። አራተኛው ምክር ላይ አይጥ በልቶት ቀዳዳ ነበረ። ባነበብኩት ቁጥር በርበሬው ያስነጥሰኛል፤ ዕንባዬ ይወርዳል። ያየኝ ሰው ለዛፍ የማለቅስ ይመስለው ነበር።

ባለፈው መስቀል ደግሞ ደመራችንን ከኒሙ ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ መሀሉ ላይ የረክሻ፣ የባጃጅ መሆኑ ነው፣ ጎማ ጨምረንበት ነበር። የጎረቤት ልብስ ጠቁሮ የሦስት ቀን ይቅርታ ጠይቀናል። ስለዚህ ኅሊናዬም ትንሽ ተነካ።

ትርፌ ሻይ ቤት ሄጄ አዋጄን አነበብኩ።

«ዘንድሮ መስቀል አንዲት ቅጠል ሳንቆርጥ ነው የምናከብረው!»

«ደመራውን በምን ልትደምር ነው? በወሬህ?» አለች ትርፌ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

«በጭድ። ከሙከይፍ የወጣ አሮጌ ጭድ አለኝ፣ ሃያ ጆንያ። የሚጣል ነገር ነው። ግቢውን ደግሞ እናጸዳለን።»

«ግቢውን? አንተ ሰውዬ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ያንተ ዘር ነው እኮ! አስራ አንድ ልጅ ወልደህ ነው የጣልክብን!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ መሳቃቸውን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። የቀልደኛ ሰው ትልቁ በሽታ ይሄ ነው፤ ሰው ሲስቅለት የተከተለው ይመስለዋል።

አርብ ዛህራ ስትመጣ ግን አልሳቀችም። «ዕቃው ከተነሳ እማ በምን ትሄዳለች?» አለችኝ።

«እኔ የለሁም? እኔ እመራታለሁ።»

«አንተ ጣራ ላይ ነህ ጋሼ።»

«ገመድ እዘረጋላታለሁ! ከበሯ እስከ ቧንቧው።»

እማ ሩቂያ አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታን ኖሮ፣ «ተዪው ልጄ፣ በዓሉ ነው ያስደስተው» አለች። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ አንዱ ለሌላው በዓል እንዲህ ነው የሚሆነው፤ የነሱ ዒድ ሲሆን እኛ ቤት አይጾምም። በደግነቷ ነው የፈቀደችልኝ። እኔም ፈቃዷን ይዤ ሮጥኩ።

የአህያ ጋሪ ያለው ሰው ቀጠርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጫንን። ፍሪጁ ሲነሳ የተባረሩትን ፍጥረቶች ስማቸውን አላውቅም። የመጨረሻው ሙከይፌ በበሩ ሲወጣ፣ አትፍረዱብኝ፣ ቆሜ ተሰናበትኩት። ከዚያ መጥረጊያዬን አነሳሁ። ጠረግኩ፣ ጠረግኩ፣ ከአፈሩ ሥር ጡብ ወጣ። ንጣፍ! ሆሻችን ከአክስትየዋ ዘመን ጀምሮ በቀይ ጡብ የተነጠፈ ግቢ ኖሯል። ትርፌ እንኳ አፏን ይዛ፣ «እመቤቴ፣ ሜዳ ላይ ነበር ለካ የምንኖረው» አለች። በውሃ አጠብነው። ኒሙ ሥር ስትቆሙ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው የሚያግዳችሁ ነገር የለም።

እማ ሩቂያን ግን አገዳት። ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ ወጣች፣ እጇን ወደ ሙከይፉ ጥግ ዘረጋች፣ ምንም። አንድ እርምጃ ጨመረች፣ ምንም። እጇ አየር ላይ እንዲሁ ቆመ። ገመድ አልዘረጋሁም ነበር፤ «ነገ» ብዬ ነበር። ሮጬ ያዝኳት።

«ይሄ የኛ ሆሽ ነው?» አለችኝ።

«የኛ ነው እማ፣ ተጸድቶ ነው።»

«ድምፁም ተለወጠብኝ፣ የኔ ሸጋ። ስናገር ወደኔ አይመለስም።»

ገመዱን ያኔውኑ ዘረጋሁት፤ እሷም ያዘችው፣ ግን እንደ በፊቱ ቀና ብላ አልሄደችም። ጎንበስ ብላ፣ እየጎተተችው።

የደመራው ዕለት ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ጭዴን ቆለልኩ። አናቱ ላይ ከመንገድ የለቀምኩትን የወደቀ የዘንባባ ዝንጣፊ ሰካሁ። በአበባ ፈንታ፣ አደይ የት ይገኛል፣ ትርፌ ከቢጫ ጨርቅ የቆረጠችውን አሰርንበት። ፌስታል የለ፣ ጎማ የለ፣ አንዲት ቅጠል አልተቆረጠች። ችቦ ለኮስኩ።

አሁን ስለ ሙከይፍ ጭድ አንድ ሙያዊ ነገር ልንገራችሁ፤ ሃያ ዓመት የሠራሁበት እኔ ረስቼው ነበር። ያ ጭድ በጋውን ሙሉ የዓባይን ውሃ ከነጨዉ፣ ከነአሸዋው፣ ከነአረንጓዴ ሻጋታው ጠጥቶ ነው የወጣው። ላዩ ደርቋል። ውስጡ አልደረቀም። እሳቱ ነካው፣ ሁለቴ ቸስ ቸስ አለ፣ ጠፋ። ከዚያ ጭሱ ጀመረ። ጭስ እኮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ የኛው ወረደ። ነጭ፣ ወፍራም፣ የበሰበሰ ዓሣ የሚሸት። በግድግዳው ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ጎረቤት ገባ፣ ከጎረቤት ወደ መንገድ ወጣ። መስጊድ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲስል ከዚህ ይሰማል። ደመራ ሲወድቅ ወደየት አቅጣጫ እንደወደቀ አይታይ? የኛው አልወደቀም። ተቀመጠ።

«ወደ አንተ ነው የተቀመጠው» አለች ትርፌ ዓይኗን እያሸች።

«ሐሪቃ! ሐሪቃ!» እያለ ሰው ወደ በራችን ጎረፈ፤ እሳት ማለታቸው ነው። ከፊት ከፊት ባልዲ ይዞ የሚሮጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሃጅ ዑመር። ርስቱ ነደደ ብለውት። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አልፎ ገባ፣ ባልዲውን ጭዱ ላይ ደፋ፣ ቀና አለ። ጭሱ ቀስ እያለ ሲገለጥ ጡቡ ታየ፣ ኒሙ ታየ፣ የሩቁ ግድግዳ ታየ። ባልዲውን አስቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ በጀለቢያው ጠርጎ መልሶ አደረገ።

«ማሻአላህ» አለ። «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

እዚህ ጋ አንድ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ይሳደባል ብዬ ፈርቼ የነበርኩት ሰውዬ ሲያደንቅ ደስ አለኝ።

«የእርስዎ ነው እንጂ ሃጅ! ይምጡ፣ ከኒሙ ጀርባም ገና አለ!»

አዞርኩት። በእግሬ እየለካሁ አሳየሁት። ጥግ ድረስ ወሰድኩት። ትርፌ ከኋላ ቀሚሷን ነክሳ በዓይኗ ትገድለኛለች፤ እኔ የምታደንቀኝ መስሎኛል።

በሳምንቱ የሃጅ ዑመር አማች መጣ፣ መሐንዲስ ነው፣ ሜትር ይዟል። «ያ መዐልም፣ ይችን ጫፍ ያዝልኝ» አለኝ፤ ባለሙያው ማለቱ ነው። ያዝኩለት። ሁለተኛ ሽንት ቤት ሊሠሩልን ነው ብዬ ነው። እንዲያውም አንድ ጥግ ሲዘል፣ «ይሄን ረሳኸው» ብዬ መለስኩት። አመሰገነኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሃጅ ዑመር ራሱ መጥቶ፣ አሁን ጥምጥሙ አፍንጫው ላይ የለም፣ በሁለት ወር ውስጥ እንድንለቅ ነገረን። ፎቅ ሊሠራ ነው። በጨዋ ደንብ ነው የነገረን፣ ለሁሉም ሻይ ጠጥቷል። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አላህ ይስጥህ፣ ዓይኔን ገለጥክልኝ» አለኝ።

ከዚያ ትርፌ፣ «እዚያ ጋዜጣህ ላይ አይጥ የበላው፣ ‹አከራይ አታስገቡ› የሚለውን ይሆናል» አለች። ማንም አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። ተነስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች።

እኔ ግን ተስፋ የምቆርጥ ሰው ነኝ? ቆሻሻው ነው ያኖረን፣ ቆሻሻው ይመለስ! ባለ ጋሪውን ፈልጌ አገኘሁት።

«ያንን ዕቃ መልስልኝ።»

«የቱን ዕቃ?»

«ያን ቆሻሻ።»

«ስታስወጣው ነው ቆሻሻ የነበረው ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አሁን ዕቃ ሆኗል። ፍሪጁን ሸጬዋለሁ።»

ለምኜው የሌላ ሰው ቆሻሻ አመጣልኝ። የማላውቀው፣ ባዕድ ቆሻሻ። ታሪክ የሌለው። ሦስት ጋሪ አራግፈን ከበሩ እስከ ቧንቧው ቆለልን። ሃጅ ዑመር ሲያልፍ ቆሞ አየ፣ ከልቡ ሳቀ። «ድከሙ ብሏችሁ ነው» አለ፣ «እኔ አይቼዋለሁ። ያየሁትን አላየሁም ልበል?»

በማግስቱ ጠዋት እማ ሩቂያ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ስትወጣ እጇ በርሜል ነካ። የኛ በርሜል መሰላት። ገመዱን ለቀቀች። አንኳኳች፣ ቀና አለች፣ ፍሪጁ አለ ወደምትለው ቦታ እንደ ድሮዋ ተራመደች። እዚያ የነበረው ባለ ጋሪው ያራገፈው የብረት አልጋ ቁራጭ ነው።

ግንባሯን አራት ቦታ ሰፏት። ስደርስ ጡቡ ላይ ተቀምጣ ደሙን በሻሿ ይዛ፣ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል፣ በርሜሉ ነው ያታለለኝ» ትላለች። በርሜሉ!

ዛህራ አርብን አልጠበቀችም። እመቤቷን ለምና በረክሻ መጣች። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ከሌላ ከምትሰማው ብዬ። «ጋሼ፣ አልቀየምህም» አለችኝ። «ለመቀየም እኮ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔ ያለችኝ አንድ አርብ ናት፣ እሷን ደግሞ አሁን ጨርሻታለሁ።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ወሩ ሞላ። ስምንቱም ቤት ተበተነ። ትርፌ ወደ ኦምዱርማን ሄደች። እኔ አንድ ወዳጄ ጣራ ላይ፣ ከሙከይፎቹ ጋር፣ ቦታ አገኘሁ፤ ለሥራዬ ቅርብ ነው። ዛህራ ለእናቷ ጀብራ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየችላት። አዲስ ነው፣ ነጭ ሸክላ የተነጠፈበት። የቤቱ ሰዎች ጠዋት በሩን ዘግተው ሥራ ይሄዳሉ።

አንድ ቅዳሜ ዛህራ ደወለችልኝ። እመቤቷ እንግዳ ስላለባት ትናንት እንዳልለቀቀቻት፣ እባክህ እማን እያት አለችኝ። ሄድኩ። እማ ሩቂያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የውዱእ ማሰሮዋ አጠገቧ፣ ውሃውን የሚቀበለው ሳህን እግሯ ሥር። ግንባሯ ላይ ጠባሳው ነጣ ብሏል። ድምፄን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«መጣህ፣ የኔ ሸጋ! ዛህራ የለችም?»

«ነገ ትመጣለች እማ» አልኳት። «ዛሬ ሐሙስ አይደል!»

ማሰሮዋን በጣቷ አንኳኳች።

«የጁምዓውን ኹጥባ ትናንት ከመስጊድ ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አለች። «እንግዳ መጣባት?»

«...አዎ።»

«እንዲያ በለኝ።» እጇን ዘረጋችልኝ። «እስቲ አንሳኝ። ዛህራ ባለፈው አርብ ከሄደች ጀምሮ ብቻዬን አልተነሳሁም። ከዚህ አልጋ እስከ በሩ ምን ምን አለ?»

ክፍሉን አየሁት። ሸክላው ያብረቀርቃል። ግድግዳው ነጭ ነው።

«ምንም የለም እማ» አልኳት።

«ምንም?»

«ምንም። ንጹሕ ነው።»

ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና፣ አንድ እግሯን ወደፊት ላከች፣ ቆመች፣ መልሳ ሰበሰበችው።

«በቃ ቁጭ ልበል» አለች።